«ዘዋሪ» የምትለዋ ቃል፦ የተደራጀ ስርቆት በህንድ አሮጌና አዲስ የወንጀል ሕግ ውስጥ



አንድ አገር የወንጀል ሕጉን ሲለውጥ ዘወትር የሚነገር ቃል አለ፤ አሮጌው ተሻረ፣ አዲሱ ዘመኑን የዋጀ ነው ይባላል። እኔ ግን የሕግ ታሪክን ሳጠና ደጋግሜ የታዘብኩት፣ የሕግ ቃል ሲሻር ቃሉን የወለደው አስተሳሰብ አብሮት ላይሻር እንደሚችል ነው። አስተሳሰቡ ቤት ቀይሮ፣ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ በሌላ አንቀጽ ቁጥር ሥር ሊቀመጥ ይችላል። ዛሬ ይህንን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ እሻለሁ። ምሳሌው የህንድ ነው። ስለ ህንድ በምናገርበት ክፍል የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1860 ወጥቶ ከጥር 1 ቀን 1862 ጀምሮ የጸናው የህንድ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ 511 አንቀጾች ነበሩት። ከ160 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ ሐምሌ 1 ቀን 2024 ስፍራውን «ባራቲያ ኒያያ ሳንሂታ» ለተባለ ባለ 358 አንቀጽ ሕግ ለቀቀ። የአዲሱ ሕግ አርቃቂዎች ዓላማቸው የቅኝ ግዛትን አሻራ ማስወገድ እንደሆነ ተናግረዋል። ሕጉ ሰፊ ስለሆነ ሁሉን ለመዳሰስ አልሞክርም። የምይዘው አንዲት ጠባብ ጉዳይ ብቻ ነው፤ እርሷም በቡድን የሚፈጸም ስርቆት እንዴት ይቀጣል የምትለው ናት። በዚህች ጉዳይ ላይም አንድ ጥያቄ ብቻ አነሣለሁ፤ ሕጉ ሰውን የሚቀጣው ባደረገው ነውን ወይስ አባል በሆነበት?

ነገሩ የሚጀምረው ከ1860ው ሕግ በፊት ነው። በ1830ዎቹ የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሹማምንት «ታግ» ስለሚባሉ ሰዎች በስፋት ይጽፉ ነበር። ቃሉ በህንድ ቋንቋዎች አታላይ ማለት ነው። በሹማምንቱ ገለጻ ታጎች መንገደኛ መስለው ከነጋዴዎች ጋር የሚጓዙ፣ እምነት ካገኙ በኋላ በጨርቅ አንቀው የሚገድሉና ንብረት የሚዘርፉ ሰዎች ነበሩ። ገለጻው ምን ያህል እውነት፣ ምን ያህልስ የገዢዎች ፍርሃት የወለደው እንደሆነ የታሪክ ጸሐፍት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለሕግ ታሪክ ግን ዋናው ነገር ሹማምንቱ ያጋጠማቸው የማስረጃ ችግር ነው። ግድያው የሚፈጸመው ከሰው ዐይን በራቀ መንገድ፣ ሟቹም ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ስለሆነ፣ ማን መቼ ማንን ገደለ የሚለውን ማስረዳት እጅግ አዳጋች ሆነ።

መፍትሔው የ1836ቱ 30ኛ ሕግ ነበር። በዚህ ሕግ አንድ ሰው የታግ ቡድን አባል እንደነበር ከተረጋገጠ፣ የተወሰነ ግድያ ወይም ዘረፋ መፈጸሙ ሳይነገርበት ዕድሜ ልክ ከከባድ ሥራ ጋር ይታሰራል። ሕጉ በዚህ ብቻ አልቆመም። አባልነቱ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ይሁን በኋላ ልዩነት እንደሌለው በግልጽ ደነገገ። ማስረጃው በአብዛኛው የሚመጣው ነፍሳቸውን ለማዳን የመንግሥት ምስክር ከሆኑ ተባባሪዎች ነበር። ሥራውን በዋናነት የመራው ዊልያም ስሊማን የተባለ መኮንን ሲሆን፣ የምስክሮቹን ቃል እየመዘገበ የቤተሰብ የዘር ሐረግ ሳይቀር አዘጋጀ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የዘር ሐረግ የሚያስፈልገው ድርጊትን ለማስረዳት አይደለም፤ ማንነትን ለማስረዳት ነው።

ቀጥሎ የመጣው የ1860ው ሕግ፣ ረቂቁ በቶማስ ማኮሌይ ሰብሳቢነት በ1837 የተጠናቀቀው፣ በብዙ መልኩ የተሻለ ሕግ ነበር። ቃላቱ የተመጠኑ ናቸው። ታግን በአንቀጽ 310 ሲተረጉም «ይህ ሕግ ከወጣ በኋላ» የሚል ገደብ ጨመረ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የመቅጣቱ ነገር ቀረ። «ዳኮይቲ» የተባለውን የቡድን ውንብድና በቁጥር ለየው፤ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በጋራ ከዘረፉ ዳኮይቲ ነው፣ አራት ከሆኑ አይደለም። ከዚያም ስለ አባልነት ሁለት አንቀጾች አስቀመጠ። አንቀጽ 400 ዳኮይቲን ልማድ ያደረገ ቡድን አባል የሆነውን እስከ ዕድሜ ልክ ይቀጣል። አንቀጽ 401 ደግሞ ስርቆትን ወይም ውንብድናን በልማድ ለመፈጸም የተባበረ፣ «ዘዋሪ ወይም ሌላ» ቡድን አባል የሆነውን እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በመቀጮ ይቀጣል።

አንቀጽ 401ን ለተማሪዎቻችን ስል ጥቂት ልፈልቅቀው። ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት ያለበት ሦስት ነገር ነው፤ ቡድን መኖሩን፣ ቡድኑ ስርቆትን ልማዱ ለማድረግ የተባበረ መሆኑን፣ ተከሳሹም የዚህ ቡድን አባል መሆኑን። «ዘዋሪ» የምትለዋ ቃል ግን ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ ሥራ የላትም። «ዘዋሪ ወይም ሌላ» ማለት ማንኛውም ቡድን ማለት ነውና፣ ቃሊቱን ብናወጣት የወንጀሉ ፍሬ ነገር ቅንጣት አይጎድልም። ታዲያ ለምን ተጻፈች? እኔ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ቃሊቱ የተጻፈችው ለዳኛው ሳይሆን ለፖሊሱ ነው። ምን ማስረዳት እንዳለበት ሳይሆን ወዴት ማየት እንዳለበት ትነግረዋለች። ከብት እየነዳ፣ ጨው እየጫነ፣ ገመድ እየገመደ፣ ጨዋታ እያሳየ ከመንደር መንደር የሚዞረውን ሰው ትጠቁማለች።

የእኛም ቋንቋ ከዚህ ነጻ አይደለም። «ዘላን» የሚለው ቃል ከግጦሽ ወደ ግጦሽ የሚዘዋወርን ሕዝብ የሚገልጽ ሆኖ ሳለ በከተሜው አፍ ስድብ እስከ መሆን ደርሷል፤ ዛሬ «አርብቶ አደር» የምንለውም ስለዚህ ነው። አንድ ቦታ የማይቀመጥን ሰው መጠርጠር የሰፈረ ሕዝብ ሁሉ የቆየ አመል ነው። አመሉ ወደ ሕግ ሲገባ ግን ሌላ ኃይል ያገኛል።

ያ ኃይል የታየው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1871 ነው። በዚያ ዓመት «የወንጀለኛ ነገዶች ሕግ» ወጣ፤ መጀመሪያ በሰሜን ህንድ፣ ኋላም በሌሎች ግዛቶች ተፈጻሚ ሆነ። በዚህ ሕግ መሠረት መንግሥት አንድን ነገድ፣ ቡድን ወይም የሰዎች መደብ ዋስትና የሚከለክሉ ወንጀሎችን በልማድ የሚፈጽም ነው ብሎ ሊያውጅበት ይችላል። ከታወጀ በኋላ አባላቱ ይመዘገባሉ፤ ከተወሰነላቸው ስፍራ ያለ ይለፍ ወረቀት መውጣት ይከለከላሉ። በ1911 የተሻሻለው ሕግ የጣት አሻራ መውሰድንም ጨመረ። አንቀጽ 401 ቢያንስ የስርቆት ልማድ ይረጋገጥ ይላል፤ የ1871ዱ ሕግ ግን መወለድን ብቻ በቂ አደረገው። በዚህ መዝገብ ውስጥ የገባ ልጅ ምንም ሳይሰርቅ የሌባ መዝገብ ይዞ ያድግ ነበር።

ህንድ ነጻነቷን ከተቀዳጀች በኋላ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ሕጉ ነሐሴ 31 ቀን 1952 ተሻረ። እነዚያ ማኅበረሰቦች ቀኑን እስከ ዛሬ የነጻነት ቀናቸው አድርገው ያከብሩታል፤ መጠሪያቸውም «ቪሙክታ»፣ ማለትም «የተፈቱ» ሆነ። ነገር ግን ክልሎቹ በተሻረው ሕግ ስፍራ «የልማደኛ ወንጀለኞች ሕግ» እየተባሉ የሚጠሩ ሕጎችን አወጡ። በወረቀት ላይ እነዚህ የሚመለከቱት ግለሰብን እንጂ ነገድን አይደለም። በፖሊስ ጣቢያ ግን ልማደኛ ተብሎ የሚጠረጠረው ብዙ ጊዜ ያው የጥንቱ ስም ያለበት ሰው ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ፣ ሕጉ ሞቶ የሰጠው ስም በሕይወት ቆየ። አንቀጽ 401ም «ዘዋሪ» ከምትለዋ ቃሉ ጋር እስከ 2024 ድረስ በሕግ መጽሐፉ ውስጥ ነበር።

አሁን ወደ አዲሱ ሕግ ልምጣ። ስለ ታግ የሚናገሩት አንቀጾች 310 እና 311 ሙሉ በሙሉ ወጥተዋል። አንቀጽ 400 በአዲሱ አንቀጽ 310 ሥር ገብቷል፣ አንቀጽ 401 ደግሞ አንቀጽ 313 ሆኗል፤ ቅጣቶቹ እንዳሉ ናቸው፤ የልማድ መስፈርቱም እንዳለ ነው። «ዘዋሪ» የምትለዋ ቃል ግን የለችም። ማንም ሳያለቅስላት ተሰናበተች። ይህ መልካም ሥራ ነውና ምስጋና ይገባዋል።

ሆኖም ታሪኩ በዚህ አያልቅም። አዲሱ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ በረቂቅነት ለፓርላማ የቀረበው ነሐሴ 11 ቀን 2023 ነበር። በዚያ የመጀመሪያ ረቂቅ አንቀጽ 110 ላይ «ጥቃቅን የተደራጀ ወንጀል» የሚባል በአሮጌው ሕግ ያልነበረ ወንጀል ተጽፎ ነበር። ወንጀሉ የሚተረጎመው በዜጎች ዘንድ አጠቃላይ የሥጋት ስሜት የሚፈጥር በመሆኑ ነው። ዝርዝሩም የተሽከርካሪ ስርቆትን፣ ኪስ ማውለቅን፣ ቅሚያን፣ ከሱቅ መስረቅን የመሳሰሉትን ይዞ፣ በመጨረሻ ተንቀሳቃሽ የሆኑ የተደራጁ ቡድኖች በአንድ አካባቢ ለተወሰነ ጊዜ ብዙ ወንጀሎች ከፈጸሙ በኋላ ወደ ሌላ ሲሄዱ የሚፈጽሙትንም ይጨምራል። ልብ አላችሁ? በአንዱ ገጽ «ዘዋሪ» ተሰርዛ፣ በዚያው ረቂቅ በሌላው ገጽ «ተንቀሳቃሽ» ተብላ ገብታለች። አርቃቂዎቹ ይህን ያደረጉት ስለ 1871 እያሰቡ ነው አልልም። የኔ ሐሳብ ከዚህ የባሰውን የሚጠቁም ነው፤ አስተሳሰቡ ማንም ሳያስበው በራሱ ይመለሳል።

ረቂቁ በፓርላማው የአገር ውስጥ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ተመርምሮ፣ ከዚያም ተስቦ፣ በታኅሣሥ 12 ቀን 2023 በሌላ ረቂቅ ተተካ። በሁለተኛው ረቂቅ የሥጋት ስሜት የሚለው መስፈርትም ስለ ተንቀሳቃሽ ቡድኖች የሚናገረውም ዐረፍተ ነገር ወጥቷል። ሁለቱ ምክር ቤቶች በታኅሣሥ 20 እና 21 አጸደቁት፤ ፕሬዚዳንቷም በታኅሣሥ 25 ፈረሙበት። የሕግ ረቂቅን በትዕግሥት ማንበብ ጥቅም የለውም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

የጸደቀው አንቀጽ 112 እንዲህ ይላል በጭምቁ፦ የአንድ ስብስብ ወይም ቡድን አባል ሆኖ፣ ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር፣ ስርቆት፣ ቅሚያ፣ ማታለል፣ ያለ ፈቃድ ትኬት መሸጥ፣ ያለ ፈቃድ ቁማር ማጫወት፣ የፈተና ወረቀት መሸጥ ወይም ሌላ ተመሳሳይ የወንጀል ድርጊት የፈጸመ ሰው ጥቃቅን የተደራጀ ወንጀል ፈጽሟል። ቅጣቱ ከ1 ዓመት የማያንስ፣ ከ7 ዓመት የማይበልጥ እስራትና መቀጮ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ሁለት ወጣቶች በገበያ መካከል ከአንድ ሰው ኪስ ስልክ ወሰዱ እንበል። ድርጊቱ ተራ ስርቆት ከተባለ፣ በአዲሱ ሕግ አንቀጽ 303 መሠረት ለመጀመሪያ ጥፋት ጣሪያው 3 ዓመት እስራት ነው፤ ዳኛው በመቀጮ ብቻ ሊያልፈውም ይችላል። የተሰረቀው ንብረት ከ5,000 ሩፒ በታች ሆኖ ዋጋው ወይም ንብረቱ ከተመለሰ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀጣው ሰው የሚጠብቀው የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው፤ ይህም ከአዲሱ ሕግ መልካም ፍሬዎች አንዱ ነው። ያው ድርጊት በአንቀጽ 112 ከተከሰሰ ግን ወለሉ 1 ዓመት፣ ጣሪያው 7 ዓመት ይሆናል። ልዩነቱን የሚያመጣው «የስብስብ ወይም የቡድን አባል» የሚለው ሐረግ ብቻ ነው። ስብስብ ማለት ስንት ሰው ነው? ምን ያህል ጊዜ የቆየ? አንቀጹ አይናገርም።

አሁን ይህንን ከአሮጌው አንቀጽ 401 ጋር አስተያዩት። በአሮጌውም ሕግ የቡድን ሌባ እስከ 7 ዓመት ይቀጣ ነበር። ነገር ግን ዐቃቤ ሕግ እዚያ ለመድረስ የቡድኑን ልማድ ማስረዳት ነበረበት። ልማድ ደግሞ በአንድ ቀን ድርጊት አይረጋገጥም። በአንቀጽ 112 ልማድ የሚለው መስፈርት የለም። ፍትሐዊ ለመሆን፣ አንቀጽ 112 ከ401 የሚሻልበትም ነገር አለ፤ አባልነት ብቻውን አይበቃውም፣ የተፈጸመ ድርጊት ይፈልጋል። ስለዚህ ለውጡን በሚዛን ላስቀምጥ፤ አሮጌው ሕግ ድርጊት ሳይኖር በልማድ ይቀጣ ነበር፣ አዲሱ ልማድ ሳይኖር በድርጊት ላይ የአባልነት ቅጣት ይጨምራል። አንዱ በር ተዘጋ፣ ሌላው ተከፈተ። አንቀጽ 313ም በስፍራው ስላለ፣ የመጀመሪያውም በር ገርበብ እንዳለ ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ከአንቀጽ 112 አንድ እርምጃ ከፍ ብሎ ያለው አንቀጽ 111 ነው። ይህ ስለ ከባዱ የተደራጀ ወንጀል ነው፤ አፈና፣ ውንብድና፣ የተሽከርካሪ ስርቆት፣ የመሬት ወረራ፣ የኮምፒዩተር ወንጀል የመሳሰሉትን ይይዛል። ሐሳቡ የመጣው ማሃራሽትራ የተባለው ክልል በ1999 ካወጣው ልዩ ሕግ ነው። ቅጣቱ የሰው ሕይወት ከጠፋ እስከ ሞት ይደርሳል። ነገር ግን አንቀጽ 111 ጥብቅ ሚዛን አለው፤ ቡድኑ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው መሆኑን ይናገራል፤ ድርጊቱም የቀጠለ መሆኑን፣ ይኸውም ባለፉት 10 ዓመታት ከአንድ በላይ የክስ ማመልከቻ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተቀባይነት ማግኘቱን ይጠይቃል። ለትልቁ ወንጀለኛ የተሰጠው ይህ ጥበቃ ለትንሹ አልተሰጠም። ኪስ አውላቂው ከወንበዴው አለቃ ባነሰ ማስረጃ የተደራጀ ይባላል።

ይህን ስል ችግሩ የለም ማለቴ አይደለም። የፈተና ወረቀት የሚሸጥ መረብ የብዙ ሺህ ወጣቶችን የዓመታት ድካም በአንድ ሌሊት ያጠፋል። የባንክ ካርድ መረጃ የሚገለብጥ ቡድን የጡረተኛን ገንዘብ ሩቅ ተቀምጦ ይወስዳል። የ1860ው ሕግ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ሕግ አውጪው ለእነዚህ ተበዳዮች መልስ መስጠት ነበረበት። ጥያቄዬ መቅጣት ይገባል ወይ አይደለም፤ ማን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንዳደረገ የሚያሳይ መስፈርት የት አለ ነው። ትርጉም ያልተሰጠው «ስብስብ»ና «ሌላ ተመሳሳይ ድርጊት» የሚለው ማብቂያ ሲገናኙ፣ ባዶውን የሚሞላው መጀመሪያ ፖሊሱ ነው። ፖሊሱም የሚሞላው በሚያውቀው ስም ነው።

ይህ ሥጋት ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ፍርድ አለ። አዲሱ ሕግ ከጸና ከሦስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 3 ቀን 2024፣ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በወህኒ ቤቶች ስላለው የዘርና የትውልድ ልዩነት ወሰነ። የአንዳንድ ክልሎች የወህኒ ቤት መመሪያዎች «ዘዋሪ» ወይም «ወንጀለኛ» ስለሚባሉ ነገዶች የሚናገሩ ደንቦች እስከዚያ ቀን ድረስ ይዘው ነበር። ፍርድ ቤቱ በፊቱ የተነሡትን ደንቦች ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረኑ ናቸው ብሎ ሻራቸው። ያኔ ዋናው ሕግ በ1952 ከተሻረ 72 ዓመት ሆኖት ነበር። ቃሉ ግን በመመሪያ ገጽ ውስጥ ተደብቆ ሰው ሲመድብ ኖሯል።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? የእኛም አገር ስርቆትን በጋራ የመጠየቅ የቆየ ልማድ አለው። በአውጫጭኝ ወይም በአፈርሳታ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ ይቆይ፣ ሳይገኝም ሲቀር ዕዳው በጋራ ይወድቅ ነበር። ዘመናዊው የወንጀል ሕጋችን ከዚህ ተላቅቋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፣ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም፣ ቡድንን የሚያዩት በዋናነት እንደ ማክበጃ ነው፤ አንቀጽ 84 የቅጣት ማክበጃ ያደርገዋል፣ አንቀጽ 669 ስለ ከባድ ስርቆት ሲናገር ይመለከተዋል። ሌባው አስቀድሞ መስረቁ መረጋገጥ አለበት። የሕጉ አንቀጽ 2ም ዳኛ በማመሳሰል አዲስ ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል። ነገር ግን በዚያው በ1996 ዓ.ም. የአደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 ጸድቋል። የዚያ አዋጅ መነሻ መስፈርት ሰውዬው መሥራት እየቻለ መተዳደሪያው ያልታወቀ መሆኑ ነው። አዋጁ የድርጊት ዝርዝርም አለው፤ ይሁንና የመጀመሪያው ጥያቄ ምን አደረግህ ሳይሆን በምን ትኖራለህ የሚል ነው። ሁለት ሕጎች በአንድ ዓመት፣ በአንድ ምክር ቤት ወጥተው ሁለት የተለያየ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ወደፊት አዲስ ሕግ በእጃቸው ሲገባ፣ ወይም ራሳቸው አርቃቂ ሆነው ሲቀመጡ፣ ሦስት ጥያቄ እንዲያነሡ አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ከአንቀጹ ውስጥ ይህችን ቃል ባወጣት ወንጀሉ ይጎድላልን? ካልጎደለ ቃሊቱ የተጻፈችው ለማን ነው? ሁለተኛ፣ ከባዱ ቅጣት የተጨመረበት ነገር በማስረጃ የሚረጋገጥ ነውን ወይስ በስም የሚታወቅ? ሦስተኛ፣ የተሻረው አንቀጽ ሐሳብ በሌላ ቁጥር ሥር ቤት አልሠራምን? ሕግ የሚሻረው በነጋሪት ጋዜጣ ነው። አስተሳሰብ የሚሻረው ግን አንቀጹን ቃል በቃል በሚያነብ ሰው ትጋት ነው፤ ያም ሥራ የእናንተ ነው።